ለትንሿ ባሕሬ የመረጥኩት ስኪመር

ዛሬ ፒያሳ ላለው ቤቴ፣ ለ60 ሊትሩ የባሕር ውኃ አኳሪየም የፕሮቲን ስኪመር፣ ማለትም የውኃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ ገዛሁ። መስታወቱ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለውን መረጥኩ፤ ሌላው ዓይነት የሚቀመጥበትን ተጨማሪ ገንዳ ከሥር የማኖርበት ቦታ የለኝምና። አሠራሩ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፦ ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትራፊ ውኃው ውስጥ የሚሟሟው ቆሻሻ፣ ፈራርሶ ዓሣን ወደሚመርዘው አሞኒያ ከመለወጡ በፊት በደቃቅ የአየር አረፋ ላይ ተጣብቆ ወደ ላይኛው ኩባያ ይወጣል። እዚያ የሚጠራቀመውን ቡናማ፣ የሚከረፋ ፈሳሽ ያየ ሰው መሣሪያውን ቅንጦት አይለውም።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነው፤ አየር የሚቀላቅል መሣሪያ እዚህ ይበልጥ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

ሻጩን አጥብቄ የጠየቅኩት ግን ስለ መብራት ነው። ጠፍቶ ሲመጣ ፓምፑ በራሱ ይነሣል? ባልዲ ላይ ሰቅሎ ሶኬቱን ነቀለ፣ መልሶ ሰካ። ተንገጫግጮ ተነሣ፤ ያን ጊዜ ገንዘቡን ቆጠርኩ።