ፈንዲሻ በስኳርና በጨው

ዛሬ ደሴን ጉም ውጧታል፤ የጦሳ ተራራ አይታይም። ቡና እየተፈላ ነው፣ ፈንዲሻው የኔ ተራ። ዘይቱ ውስጥ ሦስት ፍሬ ጣልኩ። ሲፈነዱ የቀረውን ከሁለት ማንኪያ ስኳር ጋር ጨምሬ ከደንኩ። ስኳር ቶሎ ያራል፣ ድስቱን ማወዛወዝ ነው። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ቆንጠር አድርጎ።

ጎረቤታችን እማማ «ስኳርና ጨው አንድ ላይ? ምን ነካሽ ልጄ?» አሉኝ። ቡናቸውን በጨው የሚጠጡት እሳቸው ናቸው እኮ!

አንዲት ፍሬ በሁለት ጣት አነሱ። የቀለጠው ስኳር ጠርዟ ላይ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩዋት፣ ቀመሷት፣ ዝም አሉ። በረካ ላይ ስንደርስ ሰፌዱ እሳቸው ጋ ነው።

የለመድነው ነገር እንግዳ አይመስለንም መሰለኝ።

የድስቱ ቂጥ ግን አሯል። እሱን ነገ እፈትገዋለሁ።