ላይፕዚግ፦ የፈረሰውን ያልረሳች እህት

ከጀርመኗ ከተማ ከላይፕዚግ ከተመለስን ብዙም አልቆየንም። የጉዞ ሪፖርቱ ገና አልተጻፈም። ሪፖርት ውስጥ ቦታ የማይኖረውን ነገር ግን ከልቤ ሳይወጣ እዚህ ላስፍረው።

አዲስ አበባና ላይፕዚግ እህትማማች ከተሞች የሆኑት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከመሄዴ በፊት የሰፈሬን ሰዎች ስጠይቅ ይህን የሚያውቅ አላገኘሁም። ዝምድናው ግን ከፊርማው ይቀድማል። በደርግ ዘመን ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን የሄደ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ላይፕዚግ የሚገኘው ሄርደር ተቋም ደግሞ የውጭ አገር ተማሪዎች ጀርመንኛ የሚማሩበት ቤት ነበር። ከልዑካን ቡድናችን አንዱ እዚያ ያለፉ መሐንዲስ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ባቡራችን እ.ኤ.አ. በ1915 የተከፈተው ግዙፍ ጣቢያ ሲገባ ፊታቸው የወጣት ፊት ሆነ። «አልተለወጠም፤ ጠዳ እንጂ አልተለወጠም» ይሉ ነበር።

ስብሰባዎቹን አልዘረዝርም። ስለ ቆሻሻ አወጋገድ፣ ስለ ትራም፣ ስለ ውሃ መስመር ተነጋገርን። ጠቃሚ ነበሩ፤ ማስታወሻ ይዣለሁ።

ልቤን የነካው ከአራዊት ፓርኩ ይጀምራል። ላይፕዚግ የአንበሳ ከተማ ናት። አርማዋ ላይ አንበሳ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1878 የተመሠረተው የአራዊት ፓርኳም በአንበሳ እርባታ ለረጅም ጊዜ ስሙ የታወቀ ነው። የኛ የስድስት ኪሎ አንበሶችም ከዚህች ከተማ ጋር ታሪክ አላቸው። እዚያው ላይፕዚግ ያለው የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት የ15ቱን ዘረመል መርምሮ፣ ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳውቋል። በልጅነታችን ሳንቲም ይዘን ልናያቸው የምንሄደው አንበሶች፣ ጎፈራቸው እስከ ደረታቸውና ሆዳቸው የሚወርደው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ኮራሁ።

ከፓርኩ ጎን ኮንግረስሃለ የሚባል ትልቅ አዳራሽ አለ። አስተናጋጃችን፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት፣ እሱ ፊት አቆሙንና አንድ ታሪክ ነገሩን። እ.ኤ.አ. ሰኔ 20 ቀን 1968 እዚህ አዳራሽ ውስጥ የባኽ የሙዚቃ ውድድር መዝጊያ ነበር። ባለሥልጣኑ፣ የውጭ እንግዳው፣ ሕዝቡ ተቀምጧል። ድንገት መድረኩ ላይ አንድ ጨርቅ ከላይ ተዘረጋ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አለበት። «መልሶ እንዲሠራ እንጠይቃለን» ይላል። ወጣት የፊዚክስ ሰዎች ናቸው በደወል ሰዓት አስልተው ያዘጋጁት። ሰዓቱ ሲደርስ ጨርቁ በራሱ ወረደ። ኋላ በዚህ ጉዳይ የታሰረም አለ።

«የቱ ቤተ ክርስቲያን?» አሉ ጋሼ።

«የዩኒቨርሲቲው። ካርል ማርክስ አደባባይ ላይ የነበረው።»

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እዚያ አደባባይ በየቀኑ አልፍ ነበር። ቤተ ክርስቲያን አልነበረም» አሉ።

ዛሬ አውጉስቱስፕላትስ ወደሚባለው አደባባይ በማግስቱ ሄድን። ታሪኩ ይህ ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1240 ጀምሮ እዚያ ቆሟል። ኋላ የፕሮቴስታንቱ ማርቲን ሉተር ራሱ የባረከው ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋን በቦምብ ሲያወድም እሱ ብዙም ሳይጎዳ ተረፈ። ከዚያ በሰላሙ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 1968፣ የገዛ አገሩ መንግሥት በፈንጂ አፈረሰው። ለሶሻሊስት ከተማ አይመጥንም ተብሎ። ቦታው ላይ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ተሠራ፤ መግቢያው ላይ 33 ቶን የሚመዝን የማርክስ የነሐስ ቅርጽ ተሰቀለ። ጋሼ በተማሪነታቸው የሚያስታውሱት ያንን ነሐስ ነው። ከሥሩ ፎቶ ተነሥተዋል። እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደነበረ የነገራቸው አስተማሪም፣ ጓደኛም አልነበረም።

እኔን የከበደኝ ይኼ ነው። ሕንፃ መፍረሱ አንድ ነገር ነው። ኖሮ እንደነበር እንኳ የሚናገር መጥፋቱ ሌላ።

አሁን እዚያው ቦታ ፓውሊኑም የሚባል አዲስ ሕንፃ ቆሟል። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እስኪሠራ ድረስ ብዙ ተጨቃጭቀውበታል፤ ቤተ ክርስቲያን ይሁን፣ አዳራሽ ይሁን እየተባለ። የመጨረሻው ሥራ ሁለቱንም ይዟል። ፊት ለፊቱ የድሮውን ቅርጽ ያስታውሳል። ውስጡ ከላይ የሚወርዱ በርተው የሚታዩ የመስታወት ዓምዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ መሬት ሳይነኩ ያልቃሉ። ከፍንዳታው በፊት በነበሩት ጥቂት ቀናት ሰዎች እየተጣደፉ ያወጧቸው የመታሰቢያ ቅርጻ ቅርጾች ዛሬ ግድግዳው ላይ ናቸው። እነሱ ፊት ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ያኔ የተሸከሟቸው ሰዎች ሕንፃውን ማዳን እንደማይችሉ ያውቁ ነበር። ግን ተሸከሙ።

ኒኮላይ ቤተ ክርስቲያንንም አይተናል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1989 ከ70,000 በላይ ሕዝብ የምሥራቅ ጀርመንን መንግሥት ተቃውሞ በሰላም ሰልፍ የወጣው ከዚያ አካባቢ ነው። ዓለም የሚያውቀው ይህን ነው፤ ይገባዋልም። እኔ ግን አሁንም የማስበው ያንን በደወል ሰዓት የወረደ ጨርቅ ነው።

ለምን እንደሆነ አንባቢዬ ሳይገባው አይቀርም። አክስቴ የኖረችው ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ከፈረሱት ሰፈሮች አንዱ ነው። የዚያን ሰፈር ችግር አላሳንሰውም። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ መጸዳጃው የጋራ ነበር። አክስቴ አሁን የራሷ የውሃ ቧንቧ አላት፤ ተመስገን ትላለች። ልማት አያስፈልግም የሚል ክርክር የለኝም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የዚያ ሰፈር ፕላን የት አለ? የትኛው ቤት የማን ነበር? የእንጨት ሰገነቱን ማን ለካው? ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያ የሚያልፍ ተማሪ እንደ ጋሼ «እዚህ ምንም አልነበረም» ቢል፣ ሄደህ እይ ብዬ የምልከው ቦታ አላውቅም።

በመጨረሻው ስብሰባ ከእህት ከተማችን ምን እንደምንፈልግ ተጠየቅን። አንዱ መኪና አለ፣ ሌላው ኮምፒውተር። አስፈላጊ ናቸው። እኔ የጠየቅኩት አንድ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት እንዴት እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ዶሴው የት እንደሚቀመጥ የሚያሠለጥኑን ሰዎች ነው። የሁለቱ ከተሞች ተማሪዎች አብረው ይሥሩት አልኩ። እሺ ብለው ጻፉት። ሪፖርቱ ላይ ከሁሉም አስቀድሜ የማነሣው ይህን ነው።

እስከዚያ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ቅዳሜ አክስቴ ቤት የድሮ ጎረቤቶቿ ይሰበሰባሉ። ብዙዎቹ ተበታትነዋል፤ በስልክ እየተፈላለጉ ነው። ጋሼ ትልቅ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይመጣሉ። ከዋናው መንገድ ጀምረን ቤት በቤት እንሥላለን፤ ዳቦ ቤቱን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ጠጅ ቤቱን። ከዚያ ሰፈር ፎቶ ያላችሁ፣ የሠርግም ይሁን የልደት፣ ላኩልኝ። ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ፣ በርና መስኮት ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶው ጀርባ ላይ ዓመቱ ከተጻፈ እሱንም አብራችሁ አንሡልኝ።