ጎበዝ ተንከባካቢ ነበርኩ፤ አለቃ መሆን ግን ሌላ ሥራ ሆኖ አገኘሁት

የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሥራ የጀመርኩት ለስድስት ወር ብዬ ነው። የተሻለ እስካገኝ። ይኸው አስራ አንድ ዓመት አለፈ። ተንከባካቢ ሆኜ ገባሁ፣ ቀጥሎ መድኃኒት የምሰጥ ሆንኩ፣ ከዚያ የፈረቃ ኃላፊ፣ አሁን ደግሞ የአንድ ሙሉ ክፍል ኃላፊ ነኝ። 42 ነዋሪዎች፣ 26 ሠራተኞች፣ እና መቼም የማይዘጋ ስልክ። አዲስ የሚገቡ ልጆች «እንዴት አድርገሽ ነው ያደግሽው?» ይሉኛል፤ እኔም ኮሪደር ላይ እንደቆምኩ «በርቱ ብቻ፣ በትጋት ነው» ብዬ አልፋለሁ። ውሸት ነው። በትጋት ብቻ ቢሆን ኖሮ አብረውኝ የጀመሩት ሁሉ ዛሬ ኃላፊ ነበሩ። ስለዚህ አንዴ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ ሥራውን መልመድ ነበር። ሲድኒ ካትስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1963 ያሳተመው መለኪያ አለ፣ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አንድ ሰው በራሱ ስድስት ነገር ማድረግ ይችላል ወይ ብሎ ይጠይቃል፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መመገብ። ወረቀት ላይ ስድስት መስመር ነው። ጠዋት ላይ ግን ስምንት ሰው፣ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት እጅ ነው። እኔ ፈጣን ነበርኩ። ንጹሕ እሠራለሁ፣ ማንንም አላስቀይምም፣ ነዋሪዎቹም ይወዱኛል። በዚህ የተነሳ አንድ ቀን ኃላፊዎቹ ራሳቸው አይተው ያሳድጉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ሥራውን በጸጥታ ጥንቅቅ አድርጎ የሚሠራ ሰው አይታይም፣ ችግር ስለማይፈጥር ነዋ።

ነገሩ የተለወጠው አንድ ማታ ነው። የምንከባከባቸው አንዲት አዛውንት እናት ነበሩ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ስሜን አንድም ቀን የማይስቱ። የዚያን ዕለት ስሜን ሳቱት። ራት ላይ ማንኪያውን ይዘው ምን እንደሚያደርጉበት ጠፋባቸው። ወደ ሌሊት ነርሷ ሄጄ «ዛሬ ልክ አይደሉም» አልኳት። «ልክ አይደሉም ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ተናድጄ «በቃ እኔ አውቃቸዋለሁ» አልኩ። እሷ ግን አልሳቀችብኝም፣ አላባረረችኝም፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና አራት ጥያቄ ጠየቀችኝ። አሁን ምን ሆኑ? ከዚህ በፊት እንዴት ነበሩ? አንቺ በዓይንሽ ምን አየሽ? እኔ ምን እንዳደርግ ትፈልጊያለሽ?

በኋላ ነው ይህ ኤስ-ባር የሚባል የታወቀ የአነጋገር ስልት መሆኑን ያወቅኩት። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኒውክሌር ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፤ ሆስፒታሎች ወስደው ለራሳቸው አደረጉት። የሚገርም ነው፣ ግን ገባኝ። እዚያም እዚህም አንድ ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ በትክክል ካልተናገረ ሌላ ሰው ይጎዳል።

የሽንት ምርመራ ተደረገላቸው፣ ኢንፌክሽን ተገኘ። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ኢንፌክሽን አንዳንዴ ያለ ትኩሳት፣ በድንገተኛ ግራ መጋባት ብቻ ይመጣል። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ማንኪያውን ብቻ ነው። ነርሷ ግን በማግስቱ የፈረቃ ርክክቡን «አንቺ አቅርቢው» አለችኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ አቀረብኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ «እገሌ ልክ አይደሉም» ስል ሰው ይነሳል። ማዕረግ የለኝም፣ ደመወዜም ያው ነው፣ ግን ቃሌ መታመን ጀመረ። እድገቴ የተጀመረው እዚያ ነው ብዬ ነው የማምነው፤ ደብዳቤው የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ አቆምኩ። የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ገብቼ «የፈረቃ ኃላፊ ለመሆን ምን ይጎድለኛል?» ብዬ ጠየቅኩ። «መቼ ታሳድጉኛላችሁ» አላልኩም፣ ልዩነት አለው። ሁለት ነገር ነገረችኝ፦ ጽሑፍሽ ደካማ ነው፣ ስኬጁል አወጣጥም አታውቂም። ከፋኝ። እውነት ስለነበር ግን ጽሑፌን ሌሊት ሌሊት መለማመድ ጀመርኩ፣ ስኬጁል ስታወጣም አጠገቧ ለመቀመጥ አስፈቀድኩ። የመድኃኒት አሰጣጥ ሥልጠናም ወሰድኩ፤ ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት፣ ይህን በሕልሜም እደግመው ነበር። የሥልጠና ሕግ እንደየአገሩ ይለያያል። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ የነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መኖሪያ) ተንከባካቢ ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥን ያዛል፣ ክፍላተ ሀገራቱ ደግሞ ከዚያ በላይ መጠየቅ ይችላሉ። ያላችሁበት ቦታ ምን እንደሚጠይቅ ከሰው ወሬ ሳይሆን ከራሱ ከደንቡ አንብቡ። እኔ የሰው ወሬ ሰምቼ አንድ ዓመት አባክኛለሁ።

ሹመቱ መጣ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚበላሸው።

የትናንት ጓደኞቼ አለቃ ሆንኩ። አብረን ምሳ የምንበላ፣ አብረን አለቃ የምናማ ሰዎች ነበርን። በመጀመሪያው ሳምንት አንዷ አርባ ደቂቃ አረፈደች፤ ምንም ሳልላት ሥራዋን ሠርቼ ጠበቅኳት። ደወል ሲጮህ ማንም ሳይነሳ እኔ እሮጣለሁ። ሰው ሲቀር ሌላ ከመጥራት እኔው ድርብ ፈረቃ እሠራለሁ። ሰዎች «ኧረ እንዴት ያለች ትሑት አለቃ ናት» ይሉኝ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። በሦስተኛው ወር ወገቤ ተያዘ። ሠራተኞቼ ደግሞ ማረፊያ ክፍል ተቀምጠው ስልክ ይነካካሉ። ተናደድኩባቸው። ግን ማን አስለመዳቸው?

አንድ ከሰዓት በኋላ የሌላ ሠራተኛ ድርሻ የሆነ ሰው ሻወር ቤት ውስጥ እያጠብኩ ነበር። ሳሎኑን የሚያይ ሰው አልመደብኩም፣ ምክንያቱም ሥራ ማከፋፈል ማለት ሰው ማዘዝ መስሎ ይታየኝ ነበር። አንድ አባት ከወንበራቸው ተነስተው ያለ መደገፊያቸው ሊሄዱ ሲሉ ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፣ ተመስገን። መውደቅ በዚህ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች በየዓመቱ ከአራቱ አንዱ፣ እንዲያውም በለጥ ያለው ቁጥር፣ ይወድቃል። የአደጋውን ሪፖርት ልጽፍ ተቀመጥኩ። ቅጹ «በወቅቱ ኃላፊው የት ነበር?» ይላል። «ሻወር ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ቃል ደጋግሜ አየሁት። የዚያን ቀን ፈረቃው አለቃ አልነበረውም፤ አንድ ተጨማሪ ተንከባካቢ ነበር ያለው።

በማግስቱ ሥራ ማከፋፈል ጀመርኩ። በስም፣ በሰዓት፣ በወረቀት። ሳሎን ማን፣ ደወል ማን፣ ከምሳ በኋላ አልጋ ላይ የሚውሉትን ጎን ማን ያገላብጣል። ያረፈደችውን ጓደኛዬንም ለብቻዋ ጠርቼ አነጋገርኳት። ለአራት ወር ያህል ከሥራ ውጭ አላናገረችኝም። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበርና እኔ ልንገራችሁ፦ አንዳንድ ወዳጅነት አይመለስም።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ስኬጁል ነው። አመራር ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ስኬጁሉን አሳዩኝ ነው የምላችሁ። እኛ ዘንድ «ለፍትሕ» ሲባል ሠራተኛ በየሳምንቱ ክፍል ይቀያየር ነበር፤ አስቸጋሪ የሚባሉት ነዋሪዎች ለሁሉም እንዲዳረሱ። ውጤቱ ግን ማንም ማንንም አለማወቅ ሆነ። የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው በየሳምንቱ አዲስ ፊት መጥቶ ልብሱን ሲያወልቅበት አስቡት። ይጮሃል፣ ይማታል፣ ከዚያ «አስቸጋሪ» ተብሎ ይጻፋል። ሠራተኛና ነዋሪን በቋሚነት ላጣምር ስል ተቃውሞው ከባድ ነበር፣ «እሳቸውን ዕድሜ ልኬን እኔ ላይ ልትጭኚ ነው?» የሚለኝ ብዙ ነበር። ለሁለት ወር እንሞክር፣ ካልሆነ እንመልሰዋለን ብዬ ለመንኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዷ ልጅ የያዘቻቸው እናት ሻወር የሚጠሉት ውሃው ድንገት ጭንቅላታቸው ላይ ሲወርድ መሆኑን ደረሰችበት። መጀመሪያ እጃቸውን በሞቀ ፎጣ፣ ከዚያ እግራቸውን፣ ጭንቅላት መጨረሻ። ጩኸቱ ቀረ። ያን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለጋትም፣ አንድን ሰው ደጋግሞ ማየት ብቻ ነው ያስፈለጋት። ያገኘችውን ለሌሎቹ በርክክብ ላይ ራሷ እንድታስረዳ አደረግኩ፤ ነርሷ ለእኔ ያደረገችልኝን ማለቴ ነው።

እዚያው ላይ ግን ትልቅ ጥፋት አጠፋሁ። ልጅቷ ሲሳካላት ሌላ ከባድ ሰው ጨመርኩላት። እሱንም ቻለችው። ሦስተኛ ጨመርኩ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣም «ከእሷ ጋር ሂድ» እላለሁ። አንድ ቀን የሥራ መልቀቂያዋን ይዛ መጣች። «እዚህ ቤት ጎበዝ መሆን ቅጣት ነው» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ያቺን ልጅ ነበር ተተኪዬ አደርጋለሁ ብዬ ያሰብኩት፣ ግን ለእሷ አንድም ቀን አልነገርኳትም። አሁን ለአንድ ሰው ኃላፊነት ስጨምር ከላዩ ላይ የማነሳለትን ነገር አብሬ እጽፋለሁ። የሚነሳ ነገር ከሌለ አልጨምርም። ለማን ምን እንዳሰብኩም ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።

ሁሉም ሰው ደግሞ አለቃ መሆን አይፈልግም። ሃያ ዓመት የሠራች ተንከባካቢ አለችን፣ እጇ መድኃኒት ነው። የፈረቃ ኃላፊ ሁኚ ብዬ ወተወትኳት፤ በይሉኝታ እሺ አለች። በስድስት ሳምንት ከስታ ጠቆረች። መልሺኝ ብላ ለመነችኝ፣ መለስኳት። እሷ ማደግ የምትፈልገው በያዘችው ሥራ ውስጥ ነው። ለአዲስ ሠራተኞች ነዋሪዎችን የማዛወርና የማንሳት ትምህርት እሷ እንድትሰጥ አደረግን፣ ለዚያም ተጨማሪ ክፍያ እንዲኖረው አስተዳደሩን ስድስት ወር ጨቀጨቅኩ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ግን ተፈቀደ።

ስለ ሞትም ልበል። የእኛ ነዋሪዎች ከእኛ ጋር ኖረው ከእኛ ጋር ያልፋሉ። ድሮ አንድ ሰው ሲያርፍ ክፍሉን አጸድተን በማግስቱ ሌላ እንቀበል ነበር፣ ተንከባካቢዋም ሳታለቅስ ወደ ቀጣዩ ክፍል ትገባለች። አሁን ርክክብ ላይ አምስት ደቂቃ እንወስዳለን። ሲንከባከባቸው የነበረው ሰው ስለእሳቸው አንድ ነገር ይናገራል። አንዳንዴ እንስቃለን። የፈረቃው ሥራ በአምስት ደቂቃ ይዘገያል፣ ይዘግይ።

ባለፈው ወር አዲሷ የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ሁለት ሰው ቀርቷል፣ አንድ ነዋሪ ደግሞ ወደ ሆስፒታል እየሄዱ ነው። እግሬ ከአልጋው ወርዷል፣ ጫማዬን እየፈለግኩ ነው። «ልምጣ?» ልላት አፌ ላይ ደርሶ «ምን አሰብሽ?» አልኳት። ማንን የት እንደምታዛውር፣ ለቤተሰቡ ማን እንደሚደውል፣ የትኛው ሥራ እስከ ጠዋት ሊቆይ እንደሚችል አንድ በአንድ ነገረችኝ። ከእኔ የተሻለ ነበር። «ጥሩ ነው፣ ጠዋት እንገናኝ» ብዬ ዘጋሁት። መልሼ ተኛሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልተኛሁም፤ እስኪነጋ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ጣሪያ ሳይ ነበር። ግን አልሄድኩም።