ከምርጊትና ከአሮጌ ፎቶግራፍ የሚሠራ የፊልም መክፈቻ
በለገጣፎ ዙሪያ የእርሻ መሬት ወደ መንደርነት ሲለወጥ ለሚያሳይ አጭር ፊልም የመክፈቻውን የስም ዝርዝር የምሠራው ከአንድ ቤተሰብ አሮጌ ፎቶግራፎችና ከአካባቢው ግድግዳዎች ነው። የተሰነጠቀ የጭቃ ምርጊት የሚለቀቀውን ቤት፣ ያልተለሰነ ብሎኬት ደግሞ የሚመጣውን እንዲወክሉ መርጫለሁ፤ ብሎኬቱ ምናልባት ከሚገባው በላይ አፍ አውጥቶ ይናገራል።

ምርጊትን ፎቶ ማንሣት የሚሻለው ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስትመታው ነው፤ ፊት ለፊት የሚመታው ብርሃን ጥላውን ስለሚያጠፋው ግድግዳው ልሙጥ ይመስላል። ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጬ «መልቲፕላይ» በሚባለው ስልት በፎቶግራፉ ላይ ስደርበው ነጩ ይጠፋና ጥቁሩ ስንጥቅ ብቻ ፊቶቹን ያቋርጣል። 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶግራፍ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ሲደረግ ረጅም ጎኑ 3,543 ፒክስል ገደማ ስለሚሆን፣ 3,840 ፒክስል ስፋት ላለው ፊልም አይበቃም፤ በ1,200 ማድረግ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ፊደሉ ነው። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የአንዲት አጭር ጭረት ቦታ ስለሆነ፣ ሻካራው ገጽ ያችን ጭረት ከዋጣት የተዋናዩ ስም ሌላ ስም ይሆናል። ስለዚህ ከስሞቹ በስተኋላ ያለውን ስንጥቅ አደበዝዛለሁ፤ እያንዳንዱንም ስም ቢያንስ ለ3 ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ 24 ፍሬም ስሌት ለ72 ፍሬም፣ አቆየዋለሁ።