በጣት ለምመታው ጊታር ማይክ እንዴት መረጥኩ

ትዝታን በጣት የሚመታ ጊታሪስት ይህን ያውቀዋል። አውራ ጣት ቤዙን ይዞ ይሄዳል። ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ዜማውን ያወጣሉ። ከዚያ አንዷ ኖታ ብቻዋን ትቀርና እየደከመች፣ እየደከመች ትጠፋለች። ሆድ የሚያባባው ቦታ እሱ ነው። ማይክ ስፈልግ የነበረው ለዚያች ኖታ ነው። ጠንከር ተደርጎ ለሚመታ ጊታር ብዙ ዓይነት ማይክ ይሆናል። በስሱ ለሚነካ ጊታር ግን ምርጫው ይጠባል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ባንድ ካለው ጓደኛዬ የተዋስኩትን ሹር ኤስኤም57 ነው። ከ1965 ጀምሮ ያለ ማይክ ነው። መድረክ ላይ በጊታር አምፕና በከበሮ ፊት ሁልጊዜ ታዩታላችሁ። ዳይናሚክ ስለሆነ ከውጭ ኃይል አይፈልግም፤ ቢወድቅም በቀላሉ አይበላሽም። ድምፁን ወድጄዋለሁ። የአውራ ጣቴ ቤዝ ደልደል ብሎ ይሰማል። ችግሩ የሚመጣው ኖታዋ መድከም ስትጀምር ነው። ጌይኑን፣ ማለትም የድምፅ ማጉያ ቁልፉን፣ ወደ መጨረሻው ካልከፈትኩት በቂ ድምፅ አላገኝም። ስከፍተው ደግሞ ማይኩን ከላፕቶፑ የሚያገናኘው የሳውንድ ካርዱ «ሽሽሽ» አብሮ ይገባል።

ምክንያቱ ቁጥሩ ላይ አለ። ድምፁ እኩል ሆኖ ኤስኤም57 የሚያወጣው 2 ሚሊቮልት ገደማ ከሆነ፣ ሮድ ኤንቲ1-ኤ የሚባለው ማይክ 25 ሚሊቮልት ያወጣል፤ ይህ ኮንደንሰር የሚባለው ሌላው የማይክ ዓይነት ነው። ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ለስስ አመታት ወደ ኮንደንሰር ዞርኩ።

ኮንደንሰር 48 ቮልት ይፈልጋል፤ ፋንተም ፓወር የሚባለው ነው። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። ይህ 48 ቮልት የመጣው በ1966 ነው። የኖርዌይ ራዲዮ በራሱ ኬብል ኃይል የሚያገኝ ማይክ እንዲሠራለት የጀርመኑን ማይክ ሠሪ ኖይማንን ጠየቀ። ስቱዲዮዎቹ ውስጥ ለድንገተኛ መብራት የተዘረጋ 48 ቮልት ስለነበር ቁጥሩ እሱ ሆነ። የተሠራው ማይክ ኬኤም84 ነው፤ አኮስቲክ ጊታር የሚቀዱ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚሳሱለት። ዛሬ ግን በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ሳውንድ ካርድም 48 ቮልት ይሰጣል።

ለእኛ ዋናው ቁጥር ግን ሌላ ነው። ኮንደንሰር ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስላለ ምንም ሳይሰማ የራሱ ትንሽ ጩኸት አለው። መግለጫው ላይ «ሰልፍ ኖይዝ» ተብሎ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ማይኩ ጸጥ ያለ ነው። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 20 ዴሲቤል ነው። ሮድ ኤንቲ5 16፣ ኖይማን ኬኤም184 13፣ ሮድ ኤንቲ1-ኤ 5 ነው። ጮክ ብሎ ለሚዘፍን ሰው ይህ ልዩነት ብዙም አይሰማም። እየጠፋች ላለች ኖታ ግን ሁሉም ነገር ነው። ሰው ማይክ ሲመርጥ «ሞቅ ያለ»፣ «ጥርት ያለ» የሚሉ ቃላት ላይ ይቆያል። እኔ በጣት ለሚመታ ሁሉ የምለው መጀመሪያ ይህን ቁጥር እዩ ነው። ኤንቲ1-ኤን የመረጥኩት በዚህ ነው።

«ቤትህ ስቱዲዮ አይደለም፣ ኮንደንሰር የጎረቤቱን ሳል ሁሉ ይይዛል፣ ዳይናሚክ ይሻልሃል» ያሉኝ ነበሩ። ይህ አባባል በጣም የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም። ሁለት ካርዲዮይድ ማይኮችን፣ ማለትም በዋናነት ከፊታቸው ያለውን የሚሰሙትን፣ እኩል ርቀት ላይ አድርጋችሁ ጊታሩ እኩል እስኪሰማ ጌይናቸውን ብታስተካክሉ፣ የክፍሉም ድምፅ እኩል ሊባል በሚችል መጠን ይገባል። ክፍሉን የሚቀንሰው መቅረብ ነው። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱ ጊታሩ ወደ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እዚያው ነው።

መቅረብም ልክ አለው። ካርዲዮይድ ማይክ በቀረበ ቁጥር ቤዙ ይወፍራል። የጊታር ሳጥን ደግሞ በቀዳዳው በኩል 100 ሄርትዝ አካባቢ ይተነፍሳል። አምስተኛው ክር፣ ኤ፣ 110 ሄርትዝ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የምመታው በኤ ስለሆነ አውራ ጣቴ ሁሌም እሱ ላይ ያርፋል። ማይኩ ቀዳዳው ፊት ሲቆም ያ ክር ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ስለዚህ ወደ 12ኛው ፍሬት አዞርኩት፤ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ።

ቦታውን ያገኘሁት በጆሮዬ ነው። እህቴ ጊታሩን እየመታች እኔ አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ በሌላው ጊታሩን ዞርኩት። ከቀዳዳው ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ብሪጁ። ቤዙና ቀጫጭኖቹ ክሮች እኩል የተሰሙበት ቦታ ላይ ማይኩን አቆምን። ይህን የምመክረው ማይክ ከመግዛታችሁም በፊት ነው፤ ጊታራችሁ የት እንደሚያምር ታውቃላችሁ። ኤንቲ1-ኤ ላይ ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ስል ነው፤ የጥፍር ንክኪ ጎልቶ ይወጣል። ኢኳላይዘር ከመንካት ይልቅ ማይኩን ከቀኝ እጄ ትንሽ ዘወር አደረግኩት፣ ጥፍሬንም በደንብ ሞረድኩ። በቃኝ።

ስለ ስቴሪዮ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሁለት ማይክ አራርቆ ማቆም በሄድፎን ደስ ይላል። ግን ድምፁ ሁለቱ ጋ የሚደርስበት ጊዜ ስለሚለያይ፣ ሲደመሩ አንዳንዱ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው ሙዚቃ የሚሰማው በስልክ ስፒከር ነው፤ እዚያ ጊታሩ ባዶ ባዶ ይላል። ሁለት ማይክ ካላችሁ ጫፋቸውን አገናኝታችሁ በ90 ዲግሪ አቁሟቸው። ገንዘቡ አንድ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ግን ሁለት ርካሽ ከመግዛት ጩኸቱ ዝቅ ያለ አንድ ግዙ።

ክፍሌ ሦስት በአራት ነው፤ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ጋቢና ብርድ ልብስ የሰቀልኩት ከማይኩ ጀርባ ሳይሆን ከራሴ ጀርባ ነው። ካርዲዮይድ የሚያየው ወደ እኔ ነዋ። ብርድ ልብስ የሚይዘው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፤ ለቤዙ ከግድግዳው ራቅ ብሎ መቀመጥ ይረዳል። ፍሪጁን እነቅላለሁ። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግን ምንም መፍትሔ የለውም፤ ጊታሩን አስቀምጦ ሻይ መጠጣት ነው። ምርጡ ሰዓት መብራት የጠፋ ሌሊት ነው። ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራል፣ ሳውንድ ካርዱም ከላፕቶፑ ይመገባል፣ ሰፈሩ ጭር ይላል፤ ጄኔሬተር እስኪነሳ። የምቀዳው በ24 ቢት ነው፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ፣ ማለትም ድምፁ ከሚሰነጠቅበት ጣሪያ፣ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አደርጋለሁ። ያኔ ጌይን ማጨናነቅ አያስፈልግም።

ማይኩን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ከገበያ የምትገዙ ከሆነ ኤስኤም57 ላይ ተጠንቀቁ፤ አስመስለው የሚሠሩት በጣም ብዙ ነው። እውነተኛው 284 ግራም ይመዝናል። ቀለል ካለ አትግዙት።

በቅርቡ ያንኑ ማይክ በጓደኛዬ ክራር ላይ ሞከርነው። የ12ኛ ፍሬት ምክር እዚያ አይሠራም፤ ክራር ፍሬት የለውም። ድምፁ የሚወጣው ከቆዳው ነው። በጣም ስንቀርብ የቆዳው ዱምታ ክሮቹን ሸፈናቸው። እንደገና ጆሮ ደፍኖ መዞር ሆነ። ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ ብለን፣ ማይኩን ከፍ አድርገን ቁልቁል ወደ ክሮቹ ስናዘነብለው ስድስቱም ክሮች እኩል ተሰሙ። ለክራር አሁን የምጀምረው ከዚያ ቦታ ነው።