«ወታደር ነበርሽ እንዴ?»

ቶሮንቶ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ አብራኝ የምትሠራ ካናዳዊት፣ የደሴ ልጅ መሆኔን ባወቀች ማግስት፣ «የአገራችሁ ሴቶች ጫካ የሚገቡት ወንዶች አስገድደዋቸው ነው ወይስ ፍቅር ይዟቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። አከታትላም «አንቺስ ወታደር ነበርሽ እንዴ?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ይቅርታ ጠየቀች፤ እዚህ አገር ይቅርታ ከጥያቄው ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው። ጠመንጃ ይዛለች ብላ መጠርጠሯ አላዋረደኝም፤ ያዋረደኝ ሴት ራሷ አስባ ልትወስን እንደምትችል ጨርሶ አለመገመቷ ነው።

በኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር ከተዋጊዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ያለ ፈቃዷ ልትዳር ስትል ያመለጠች፣ ወንድሟ የተገደለባት፣ ወታደር የደፈራት፣ ትምህርት የጠማት፣ ወገኔ ተበደለ ብላ ከልቧ ያመነች ሁሉ በዚያ ነበረች፤ ብዙ ጊዜም እነዚህ ምክንያቶች በአንዲት ልጅ ላይ ተደራርበው ይገኙ ነበር። በስሪላንካ የታሚል ነብሮች በተባሉት አማፅያን ዘንድ ግን በፈቃዳቸው ከገቡት ሴቶች ጎን፣ ከየቤተሰቡ አንድ ልጅ አምጡ ተብሎ በግድ የተወሰዱም ስለነበሩ፣ የባልደረባዬ ጥያቄ ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለት አልችልም።

የእኛም ሰው ቢሆን ከእርሷ አይሻልም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ደሴና ኮምቦልቻ ሲገቡ፣ አክስቴ በኋላ በስልክ እንደነገረችኝ፣ በሯን ካንኳኩት ታጣቂዎች መካከል ልጃገረዶች ነበሩ፤ ከተወሰደባት ንብረት ይልቅ ያብሰለሰላት «እነዚህ እናት የላቸውም ወይ?» የሚለው ነበር። ያቺው አክስቴ የጎረቤቷ ልጅ በባቲ ወጥታ፣ ከጅቡቲዋ የኦቦክ ወደብ ባሕር ተሻግራ ሳዑዲ ስትገባ ግን «ተሳካላት!» ብላ ቡና አፍልታለች። እኔ እንደሚመስለኝ ታጣቂዎቹም ሆኑ ስደተኛዋ እናት አላጡም፤ ቤት ቢቀመጡ የሚጠብቃቸውን ኑሮ ቀድመው አውቀውታል።

ለመውጣት የምታስቡ እህቶች ግን ከመውጣቱ በላይ መመለሱን አስቡት። በኤርትራ ከ1983 ዓ.ም. ድል በኋላ ብዙ ታጋዮች በበረሃ የመሠረቱት ትዳር ፈርሶ፣ እኩል ናችሁ ተብለው የተዋጉት ሴቶች ወደ ማጀት እንዲመለሱ ተጠብቀዋል። በዓረብ አገርም ቢሆን የፓስፖርታችሁንና የሥራ ውላችሁን ቅጂ ከምታምኑት ሰው ዘንድ ተዉ፤ የባንክ ሂሳቡንም በራሳችሁ ስም ክፈቱ፤ አለበለዚያ ለወንድማችሁ የላካችሁት ብር ደሴ ላይ በእርሱ ስም ፎቅ ሆኖ ይጠብቃችኋል።