«እንውጣ» ወዳሉት ሰፈሮች

ፍራንክፈርት ለሚኖር ሰው ለንደን ጎረቤት ነበረች። የጀርመን መታወቂያ ኪሱ ካለ፣ ሻንጣውን አንስቶ ባቡር መሳፈር ብቻ ነበር። ዛሬ በመታወቂያ መግባት ቀርቷል። ፓስፖርት ያስፈልጋል። ከሚያዝያ 2025 ወዲህ ደግሞ (ዘመኑን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) አስቀድሞ ስልክ ላይ ቅጽ ሞልቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ ፈቃድ ማግኘት ግድ ሆኗል።

የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። ብሪታንያ ከአውሮፓ ህብረት ስለወጣችበት ስለ ብሬግዚት ለዓመታት ዜና ስከታተል ኖሬያለሁ። የምሰማው ግን ሁሌም የለንደንና የብራስልስ ባለሥልጣናትን ነው። «ከአውሮፓ ህብረት እንውጣ» ብለው ድምፅ የሰጡት ሰዎች የሚኖሩበትን አገር በዓይኔ ማየት፣ ምክንያታቸውንም ከአፋቸው መስማት ፈለግሁ።

ለንደን ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ ጋ ነው። ዜግነት ስላላት በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጥታለች፤ «እንቆይ» ብላ። ለንደን ከተማ ራሷ ከአሥር ስድስት እጅ ያህሏ እንቆይ ነው ያለችው። ስለዚህ «እንውጣ» ያለ ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ ያለብኝ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ግን ጎረቤቷ መጡ። በዕድሜ የገፉ፣ ከአርባ ዓመት በላይ እንግሊዝ የኖሩ የአገራችን ሰው ናቸው። ጉዳዬን ስነግራቸው ፈጥነው «እኔ እንውጣ ነው ያልኩት» አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ስደተኛ ሆነው?» አለቻቸው የአክስቴ ልጅ።

«ስሚኝ ልጄ። እናቴ ልትጠይቀኝ ቪዛ ጠየቀች። ተከለከለች። ሳላያት ሞተች። ፖላንዳዊው ግን ሻንጣውን ይዞ ሰተት ብሎ ይገባል። ይሄ ፍትሕ ነው?»

«ታዲያ ፖላንዳዊው ሲከለከል ለእርስዎ ሰው በሩ ተከፈተ?»

ለዚህ መልስ አልሰጧትም። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ተጓዘ። እንደ እሳቸው ያሰቡ ብዙ ነበሩ። የካሪ ምግብ ቤት ያላቸው አንዳንድ የባንግላዲሽ ተወላጆች አውሮፓውያን ከቀሩ ከአገራችን ምግብ አብሳይ ማስመጣት ይቀለናል ብለው «እንውጣ» አሉ። በሌላ በኩል «የውጭ ሰው በዛብን» ያለውም ሰው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው ወረቀቱን የከተተው። አንዱ በሩ እኩል ይከፈት አለ። ሌላው በሩ ይዘጋ አለ። ሁለቱም ያሰመሩት ያው መስመር ላይ ነው።

ሰኔ 23 ቀን 2016 የቀረበው ጥያቄ እንቆይ ወይስ እንውጣ የሚል ብቻ ነበር። ወጥተን ወዴት የሚል አልነበረበትም። 17.4 ሚሊዮን ሰው ውጡ አለ፤ 16.1 ሚሊዮን ቆዩ አለ። በመቶኛ 51.9 ለ48.1 ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ ሁሉ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ መውደቅም የተተኪያቸው የቦሪስ ጆንሰን መነሳትም፣ በእኔ አስተያየት መነሻው ይኼው ነው። ወዴት እንደሚኬድ ሳይነገረው ሕዝቡን ውጣ ወይ ቅር ብሎ መጠየቅ ትልቅ በደል ነው።

ወደ ቦስተን የሄድኩት በባቡር፣ ግራንተም ላይ ቀይሬ ነው። የአሜሪካዋ ቦስተን ስሟን የወሰደችው ከዚህች የሊንከንሻየር ከተማ ነው። አገሩ ዝርግ ያለ ሜዳ ነው። ጎመኑ፣ ድንቹ፣ አበባ ጎመኑ ዓይን እስኪደክም ይዘልቃል። ከሩቅ የሚታየው አንድ ነገር የቅዱስ ቦቶልፍ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ብቻ ነው። በመላ አገሪቱ ከፍተኛው የ«እንውጣ» ድምፅ የተመዘገበው እዚህ ነው፤ 75.6 በመቶ።

በ2004 ፖላንድን፣ ሊቱዌንያንና ላትቪያን ጨምሮ አሥር አገሮች ህብረቱን ተቀላቀሉ። ጎመን ለቅሞ የሚያሽግ ሰው የሚፈልጉት የቦስተን ገበሬዎች ሠራተኛ አገኙ። ትንሿ ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልኳ ተቀየረ። ገበያው ላይ አትክልት የሚሸጥ ሽማግሌ ስለዚህ ሲያወራኝ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ሰዎቹን አልጠላም። ሠራተኞች ናቸው። ግን ሐኪም ለማየት ሳምንታት መጠበቅ ጀመርን። የቤት ኪራይ ሰማይ ነካ። የእርሻ ደመወዝ ባለበት ቆመ። ለለንደን ሰዎች ስንነግራቸው ዘረኞች አሉን።»

ይህን ሰው በቁጥር መርታት አይቻልም። የአገሪቱ ግምጃ ቤት በ2016 «ከወጣን እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 4,300 ፓውንድ ይጎድልበታል» ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ሽማግሌው ይህን ሳነሳበት «የአገሪቱ ኢኮኖሚ አደገ ሲሉም እኔ ኪስ አልገባም፤ ሲቀንስ ምን ይጎድልብኛል?» አለኝ። የ«እንቆይ» ወገን ትልቁ ድክመት ይህ ይመስለኛል። ፍርሃት በቁጥር አቀረበ። ለዚህ ሰው የሚሆን መልስ ግን አልነበረውም።

ከገበያው ራቅ ብሎ የሊቱዌንያ ሱቅ ገባሁ። መደርደሪያው በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዱባና ጎመን በያዙ ማሰሮዎች ተሞልቷል። ማቀዝቀዣው ውስጥ በጭስ የደረቀ ቋሊማ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የሱቁ ባለቤት ጥቁር አጃ ዳቦ በኪሎ ትቆርጣለች። በሕዝበ ውሳኔው ጊዜ ልጆቿ እዚያው ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ግብርም ትከፍላለች። እንደ አብዛኛው የአውሮፓ ህብረት ዜጋ ግን ድምፅ መስጠት አልተፈቀደላትም። «ስለ እኔ ተወሰነ፤ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም» አለችኝ። ሽማግሌውም እኮ ያለኝ ይህንኑ ነው።

ጎመኑን ዛሬ ማን ይለቅማል? የስድስት ወር የወቅት ቪዛ ይዘው ከኪርጊስታን፣ ከታጂኪስታን፣ ከኡዝቤኪስታን የሚመጡ ሰዎች። ሥራው አልቀረም፤ ሠራተኛውም ከውጭ መምጣቱ አልቀረም። የቀረው ሠራተኛው እንደ ልቡ አሠሪ የመቀየር መብቱ ነው። በአገር ደረጃም በ2023 አጋማሽ ላይ ገብተው የቀሩት ከወጡት በዓመት ከ900 ሺህ በላይ በለጡ። አብዛኞቹ ከአውሮፓ ውጭ የመጡ ናቸው። «ድንበራችንን እንቆጣጠራለን» ተብሎ ለተማለለት ሽማግሌ ይህን ማን ያስረዳው?

ግሪምስቢ የደረስኩት በሊንከን በኩል ነው። ወደቡ ላይ በ1852 የተሠራው ቀይ የጡብ ማማ ቆሟል። ከተማዋ በአንድ ወቅት በዓሣ ከዓለም ቀዳሚ ነበረች። በ1970ዎቹ አይስላንድ እስከ 200 ማይል ያለው ባሕር የእኔ ነው አለች። የግሪምስቢ መርከቦችም ሩቅ ባሕራቸውን አጡ። የአውሮፓ የጋራ ዓሣ ሕግ ደግሞ ቅርቡን ባሕር ከሌሎች ጋር አካፈላቸው። ሕዝቡ ሁለቱን ቁስል አንድ ላይ ነው የሚያስታውሰው። ከአሥር ሰው ሰባቱ «እንውጣ» ያለበት ምክንያትም እዚህ ውስጥ አለ።

ማለዳ የዓሣ ገበያው ገባሁ። ነጭ ጋውን የለበሱ፣ ቦት ጫማ ያደረጉ ገዢዎች በበረዶ የተሞላውን ሣጥን እያዞሩ የዓሣውን ጉንጭ ገልጠው ያያሉ። አብዛኛው ዓሣ ከአይስላንድና ከኖርዌይ የመጣ ነው። እንግሊዞች የሚበሉትን ዓሣ በብዛት ከውጭ ያስገባሉ። ራሳቸው የሚያጠምዱትን በብዛት ወደ አውሮፓ ይሸጣሉ። ዛሬ ይህ ሽያጭ የጤና የምስክር ወረቀትና የጉምሩክ ቅጽ ይጠይቃል። ለበሰበሰ ዓሣ ደግሞ የሚከፍል የለም። አንድ ነጋዴ «ባሕሩ ይመለሳል ተባልን። የተመለሰልን ወረቀት ነው» አለኝ። በግንቦት 2025 የኪር ስታርመር መንግሥት የአውሮፓ መርከቦች እስከ 2038 በእንግሊዝ ባሕር እንዲያጠምዱ ተስማምቷል። ዓሣ ከአገሪቱ ኢኮኖሚ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በምርጫው ዘመቻ ግን የዓሣ አጥማጁ ፎቶ በየቦታው ነበር።

አገባሽ ያለ ላያገባሽ ከባልሽ ሆድ አትባባሽ ይላል የአገሬ ሰው። በ«እንውጣ» ዘመቻ ቀይ አውቶቡስ ላይ ለብራስልስ በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ እንልካለን፣ ለሕክምና እናውለው ተብሎ ተጻፈ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ተቆጣጣሪ ያኔውኑ ቁጥሩ አሳሳች ነው ብሎ ነበር፤ የሚመለሰው ገንዘብ አልተቀነሰለትማ። ከአሜሪካ ጋር ሰፊ የነፃ ንግድ ውል ይመጣል ተባለ። እስካሁን የተገኘው ጠባብ ስምምነት ነው። የመንግሥት በጀት ገምጋሚው ተቋም ደግሞ መውጣቱ የአገሪቱን ምርታማነት በረጅም ጊዜ በ4 በመቶ ይቀንሳል ብሎ ይሠራል። ሕጋችንን የሚያወጣው የመረጥነው ፓርላማ ይሁን የሚለውን ክርክር ግን አከብራለሁ። ገንዘብ ብቻ የማይመዝነው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሚያናድደኝ ያንን ጥያቄ ይዘው ለሁሉም የፈለገውን ቃል የገቡት ናቸው።

ከዚያ የብሪታንያ አካል ወደሆነችው ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት በረርኩ። አንድ ሱቅ ውስጥ የካም (የአሳማ ሥጋ) ፓኬት አነሳሁ። ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል «ለአውሮፓ ህብረት አይደለም» የሚል ታትሞበታል። ካሙ ከእንግሊዝ መጥቶ ሰሜን አየርላንድ ይበላል። ድንበሩን ተሻግሮ የህብረቱ አባል በሆነችው አየርላንድ ሪፐብሊክ መሸጥ ግን አይችልም። ድንበሩ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ200 በላይ መሻገሪያ አለው። ከ1998 የሰላም ስምምነት ወዲህ ኬላ የለበትም። ኬላ ይመለስ ቢባል ሰላሙ ይነካል፤ ስለዚህ ፍተሻው እንግሊዝንና ሰሜን አየርላንድን ወደሚለየው ባሕር ተወሰደ። በዚህ የተቆጣው፣ ከብሪታንያ ጋር አንድ ሆኖ መቆየትን የሚደግፈው የዲሞክራቲክ ዩኒየኒስት ፓርቲ የአካባቢውን መንግሥት ከየካቲት 2022 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል አስቆመ።

ከሰሜን አየርላንዷ ደሪ ወደ ሪፐብሊኳ ሌተርኬኒ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ድንበሩን የሚጠቁም ነገር በመስኮት ፈለግሁ። መንገዱ ዳር ያለው ነጭ መስመር ወደ ቢጫ ተቀየረ። የፍጥነት ምልክቱ ከማይል ወደ ኪሎ ሜትር ሆነ። ሌላ ምንም የለም። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት የማዶው፣ የዶኒጎል ሰው ናቸው። ባለቤታቸው የካንሰር ጨረር ሕክምና የምትከታተለው ደሪ ነው። የደሪው ማዕከል የሁለቱንም አገር ሰው ያክማል። ወጣት እያሉ እዚሁ መንገድ ላይ ወታደር አውቶቡስ አስቁሞ ሻንጣ ያስፈታ ነበር።

ሰሜን አየርላንድ 55.8 በመቶ «እንቆይ» ብላ እንደነበር አነሳሁባቸው። «አዎ» አሉ። «ግን ያኔ በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ስለዚህ መንገድ ያወራ ሰው ብዙም አልሰማሁም። ስለ ድንበር ሲያወሩ የሚያስቡት ወደ ፈረንሳይ መሻገሪያውን ወደብ፣ ዶቨርን ነበር። እኛ ድንበር መሆናችንን ያወቁት ድምፁ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ነው።»